ቁጠባ ያላዳነው ከሰል፦ የዊሊያም ስታንሊ ጄቮንስ ሕይወት

እስቲ አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። የሞባይል ዳታ ውድ በነበረ ጊዜ እንዴት ነበርን? አንድ ፎቶ ለመክፈት ሦስት ጊዜ እናስባለን። ቪዲዮማ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ካልተገኘ አይታሰብም። ዳታውን አጥፍተን፣ መልእክት ስንልክ ብቻ ለአፍታ እንከፍተዋለን።

ከዚያ ጥቅሉ እየረከሰ መጣ። ስልኮቹ ፈጠኑ፤ አፖቹም ያንኑ ቪዲዮ ጨምቀው በትንሽ ዳታ ማሳየት ቻሉ። እንግዲህ እያንዳንዱ ቪዲዮ የሚበላው ዳታ ከቀነሰ፣ በወር የምንጨርሰውም መቀነስ ነበረበት አይደል? በእኛ ቤት የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ድሮ በወር የምንጨርሰውን ዳታ ዛሬ በአንድ ማታ እንጨርሰዋለን። ቪዲዮው ቆጣቢ ሆነ፤ እኛ ደግሞ ቪዲዮ አበዛን።

ይህን ነገር ከ160 ዓመት ገደማ በፊት፣ ስልክ የሚባል ነገር ባልነበረበት ዘመን፣ በድንጋይ ከሰል ላይ ያየ የ29 ዓመት ወጣት ነበር። ስሙ ዊሊያም ስታንሊ ጄቮንስ ይባላል። ዛሬ ስለ አየር ንብረት፣ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና፣ ስለ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ክርክር ሲነሳ ስሙ አብሮ ይነሳል። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ ደግሞ ከአገራችን ጋር የሚያገናኝ ያልጠበቃችሁት ክር ታገኛላችሁ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የከሰረው ቤት ልጅ

ጄቮንስ የተወለደው መስከረም 1 ቀን 1835 በእንግሊዝ የወደብ ከተማ በሊቨርፑል ነው። ለወላጆቹ ዘጠነኛ ልጅ ነበር። አባቱ ቶማስ የብረት ነጋዴ ነው። እናቱ ሜሪ አን ደግሞ የዊሊያም ሮስኮ ልጅ ናት፤ ሮስኮ በከተማው የታወቀ የባንክ ባለቤትና ጸሐፊ፣ የባሪያ ንግድንም የተቃወመ ሰው ነበር። ባጭሩ የተማረ፣ የደላው ቤት ነበር።

ድሎቱ ግን አልዘለቀም። ልጁ 10 ዓመት ሲሆነው እናቱ ሞተች። ሦስት ዓመት ሳይቆይ፣ በ1848፣ የአባቱ የብረት ንግድ ከሰረ። በዚያ ዘመን እንግሊዝ በባቡር ሐዲድ ፍቅር አብዳ ነበር። ሰው ሁሉ ያለውን አውጥቶ የባቡር አክሲዮን ይገዛል፤ ብረት እንደ ጉድ ይሸጣል። ግርግሩ ሲበርድ ከከሰሩት አንዱ የጄቮንስ ቤት ሆነ።

እኛ እንደሚመስለን፣ ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንድ ጥያቄ ያልለቀቀው ከዚህ የተነሳ ነው። ዛሬ ሞልቶ የተረፈው ነገር ነገ ያልቅ ይሆን? ቤቱ ሞልቶ ሲጎድል በዓይኑ አይቷልና።

የ18 ዓመት ልጅ ከዓለም ጫፍ

አባቱ ቢከስርም ልጁን ከትምህርት አላስቀረውም። ጄቮንስ ለንደን ሄዶ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ኬሚስትሪ መማር ጀመረ፤ ጎበዝም ነበር። ትምህርቱን ሳይጨርስ ግን ያልታሰበ የሥራ ዕድል መጣለት።

ጊዜው አውስትራሊያ ውስጥ ወርቅ የተገኘበት ነው። ወርቁ ስለበዛ እንግሊዞች ሲድኒ ላይ ገንዘብ መምቻ ሊከፍቱ ሆነ። እዚያም የወርቁን ንጽሕና የሚመረምር፣ ኬሚስትሪ የሚያውቅ ሰው ፈለጉ። ደመወዙ ለአንድ ወጣት የማይታመን ነበር። ጄቮንስ በ1854 ገና 18 ዓመቱ ሳለ መርከብ ተሳፈረ፤ ለወራት ባሕር ላይ ቆይቶ ሲድኒ ገባ።

ለሥራ ብሎ አገሩን ጥሎ የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ገንዘቡ አለ፤ ሰው ግን የለም። በሄደ በዓመቱ አባቱ ሞተ፤ እሱ በሌላኛው የዓለም ጫፍ ነበር። ሐዘኑንም ብቸኝነቱንም በሥራ ተወጣው። ቀን ወርቅ ይመረምራል፤ ከሥራ ሲወጣ የአየር ሁኔታ ይመዘግባል፣ ፎቶ ያነሳል፣ የሲድኒን ሰፈሮች በእግሩ እየዞረ ማን የት እንደሚኖርና እንዴት እንደሚኖር ይጽፋል። ከዚህ ሁሉ መሃል ኢኮኖሚክስ የሚባለው ትምህርት ልቡን ወሰደው።

አምስት ዓመት ከሠራ በኋላ ያን ሁሉ ደመወዝ ትቶ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ደኅና ሥራ ያለው፣ 24 ዓመት የሞላው ሰው እንደገና ተማሪ ሆነ። ዛሬ እንዲህ የሚያደርግ ልጅ ቢኖር ዘመድ አዝማድ ምን እንደሚለው መገመት አያቅትም።

ማንም ያልሰማው ወጣት

ጄቮንስ በ1862 በከፍተኛ ማዕረግና በወርቅ ሜዳሊያ ተመረቀ። በዚያው ዓመት ኢኮኖሚክስን በሒሳብ ለማስረዳት የሞከረበትን ጽሑፍ ለትልቅ የምሁራን ጉባኤ ላከ። ጽሑፉ ተነበበ፤ በቃ፣ ጉዳዬ ያለው የለም።

በቀጣዩ ዓመት ወርቅ ስለበዛ የገንዘብ ዋጋ እየወረደ መሆኑን በቁጥር የሚያሳይ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ የዋጋ ንረት የሚለካበትን መንገድ ከጠረጉት ሥራዎች አንዱ እሱ ነው። ያን ጊዜ ግን የተሸጠው አንድ መቶ ቅጂ እንኳ አልሞላም።

ማንችስተር በሚገኘው ኦወንስ ኮሌጅ ረዳት አስተማሪ ሆኖ ተቀጠረ። ደመወዙ ትንሽ፣ ስሙ የማይታወቅ። እንዲህ ከቀጠለ ሰው ሳያውቀው እንደሚያረጅ ገባው። ስለዚህ አገር ሁሉ የሚነካ ጉዳይ ፈለገ። ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም፤ ጉዳዩ በማንችስተር ሰማይ ላይ ጥቁር ጭስ ሆኖ ተንጠልጥሎ ነበር።

እርሻና ማዕድን ለየቅል ናቸው

በዚያ ዘመን እንግሊዝ ማለት የድንጋይ ከሰል ማለት ነበረች። ፋብሪካው፣ ባቡሩ፣ መርከቡ፣ የብረት ማቅለጫው፣ የቤት ምድጃው ሁሉ በከሰል ይነዳል። የዓለም ኃያል ያደረጋት ከመሬቷ ሥር ያለው ጥቁር ድንጋይ ነው። ጄቮንስ የጠየቀው ቀላል ጥያቄ ነው፤ ይህ ነገር እስከ መቼ?

መልሱን በ1865 «የከሰል ጥያቄ» በሚል መጽሐፍ አወጣው። ከመጽሐፉ ትልልቅ ሐሳቦች የመጀመሪያው በእርሻና በማዕድን መካከል ያለው ልዩነት ነው። ይህን የእኛ ገበሬ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። መሬት በደንብ ከተያዘ ዘንድሮም ይሰጣል፣ ለከርሞም ይሰጣል። ማዕድን ግን ያወጣኸውን ያህል ይጎድላል፤ ለከርሞ የሚያበቅለው ነገር የለም። አንዱ በየዓመቱ የሚገባ ገቢ ነው፤ ሌላው ከጎተራ የሚወጣ ጥሪት። እንግሊዝ ጥሪቷን እየበላች ገቢ የምታገኝ መስሏት ነበር።

ዛሬ የሥነ ምህዳር ኢኮኖሚክስ የሚባለው ትምህርት ከዚህ ልዩነት ይጀምራል ማለት ይቻላል። ደንን፣ ዓሣን፣ የከርሰ ምድር ውኃን፣ አፈርን የምንጠቀመው ተፈጥሮ በምትተካው ልክ ነው ወይስ ከዋናው እየቀነስን? ይህ ካልተለየ አንድ አገር እየደኸየ ሀብታም የሆነ ሊመስለው ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ቁጥሩ ነው። በ1861 የብሪታንያ ምርት ወደ 84 ሚሊዮን ቶን ይጠጋ ነበር፤ በየዓመቱም በ3 ነጥብ 5 በመቶ ያድጋል። 3 ነጥብ 5 በመቶ ሲሉት ምንም አይመስልም አይደል? በዚህ ፍጥነት የሚያድግ ነገር ግን በየ20 ዓመቱ እጥፍ ይሆናል። እጥፉ እንደገና ይታጠፋል፤ እሱም እንደገና። ጄቮንስ ሒሳቡን እስከ 1961 ወሰደው፤ በዓመት 2,607 ሚሊዮን ቶን ወጣ። በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ 31 እጥፍ መሆኑ ነው! በጊዜው የታወቀው ክምችት ይህን ሊችል አይችልም። ስለዚህ እድገቱ አንድ ቀን መቆሙ አይቀርም አለ።

የሚገርመው፣ ጄቮንስ ከሰሉ አንድ ጠዋት ተጠርጎ ያልቃል አላለም። የፈራው ሌላ ነው። ቅርብ ያለው መጀመሪያ ይወጣል፤ ከዚያ ጉድጓዱ እየጠለቀ፣ ሙቀቱ እየባሰ፣ ወጪው እየጨመረ ይሄዳል። ከሰሉ ከማለቁ በፊት ርካሽነቱ ያልቃል፤ የእንግሊዝ ኃያልነት ደግሞ የቆመው በርካሽነቱ ላይ ነው።

ቁጠባው ለምን አላዳነም?

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ሰዎች ለጄቮንስ ስጋት የተዘጋጀ መልስ ነበራቸው። ችግር የለም፣ መሐንዲሶቻችን በትንሽ ከሰል ብዙ የሚሠራ ሞተር ይፈጥራሉ፣ ፍጆታውም ይቀንሳል ይሉ ነበር። ዛሬ እኛም ይህንኑ እንላለን፤ ከሰል የሚለውን አውጥታችሁ ነዳጅ ወይም መብራት አስገቡበት።

ጄቮንስ ግን ወደኋላ ተመልሶ ታሪኩን አየ። የድሮው የእንፋሎት ሞተር ከሰል በላተኛ ስለነበር ከማዕድን ጉድጓድ ውኃ ከመሳብ አያልፍም። ጄምስ ዋት ብዙ ከሰል የሚቆጥብ ሞተር ሠራ። ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሞተሩ ለማንቀሳቀስ ርካሽ ስለሆነ ከጉድጓዱ ወጥቶ ፋብሪካ ገባ፣ ሐዲድ ላይ ወጣ፣ መርከብ ላይ ተሳፈረ። እያንዳንዱ ሞተር ቆጠበ፤ ሞተሮቹ ግን በዙ። አገሩ የሚያነደው ከሰል ሰማይ ነካ።

ሌላው ምሳሌው የስኮትላንድ ብረት ነው። ብረት ሲቀልጥ ምድጃው ላይ አየር ይነፋል፤ ባለ ወናፉ አንጥረኛችን እንደሚያደርገው ማለት ነው። ጄምስ ኒልሰን የተባለ ሰው አየሩ ቀድሞ ቢሞቅ ብዙ ከሰል እንደሚተርፍ አገኘ። አንድ ቶን ብረት ለማቅለጥ የሚፈጀው ከሰል ከቀድሞው ሲሶ በታች ወረደ። ታዲያ ከ1830 እስከ 1863 ባለው ጊዜ የስኮትላንድ ብረት ሥራ የሚያነደው ጠቅላላ ከሰል በ10 እጥፍ ጨመረ። ብረቱ ሲረክስ ፈላጊው በዛ፤ ትርፉ ሲጨምር አዲስ ምድጃ ተተከለ።

ሐሳቡ ይኸው ነው። አንድን ነገር በቁጠባ መጠቀም ስንችል ነገሩ ይረክስልናል፤ የረከሰ ነገር ደግሞ ይወደዳል። ስለዚህ ቁጠባ ብቻውን ጠቅላላውን ፍጆታ ይቀንሳል ማለት አይቻልም፤ እንዲያውም ሊያበዛው ይችላል። ይህ ዛሬ «የጄቮንስ ፓራዶክስ» ይባላል።

ፓርላማ የገባው መጽሐፍ

መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ጭር ብሎ ነበር። በ1866 ግን ነገሩ ተለወጠ። የዘመኑ ትልቅ ፈላስፋና የፓርላማ አባል ጆን ስቱዋርት ሚል በምክር ቤት ተነስቶ አመሰገነው። የገንዘብ ሚኒስትሩ ዊሊያም ግላድስተንም የበጀት ንግግሩ ላይ ተጠቀመበት። ጋዜጦች ጉዳዩን አራገቡት፤ ሕዝቡ ደነገጠ። በመሬት ሥር ስንት ከሰል እንደቀረ የሚያጣራ መንግሥታዊ ኮሚሽን ተቋቋመ። ማንም የማያውቀው ረዳት አስተማሪ በዚያው ዓመት በኦወንስ ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሆነ።

ሰው እንደሚጠብቀው ግን ጄቮንስ ከሰል ማውጣት ይቁም አላለም። ፋብሪካ ቢዘጋ ድሃው እንደሚራብ ያውቃል። የመከረው ሌላ ነው፤ ርካሽ ከሰሉ እያለ የመንግሥት ዕዳ ይከፈል፣ የሠራተኛው ልጅ ይማር። ጥሪት መበላቱ ካልቀረ ለሚቀጥለው ትውልድ ሌላ ጥሪት ይተካለት እንደማለት ነው። ግላድስተንንም የሳበው ይኸው የዕዳ ነገር ነበር። በመጨረሻም ምርጫውን ለአገሩ ተወው፤ በፍጥነት አንድዶ ለአጭር ጊዜ ገናና መሆን ወይስ ረጋ ብሎ ብዙ መቆየት?

የሎጂክ ፒያኖና የፀሐይ ነጠብጣቦች

በ1867 ሃሪየት ቴይለርን አገባ። እሷ «ማንችስተር ጋርዲያን» የተባለውን ጋዜጣ የመሠረተው ሰው ልጅ ናት። ሦስት ልጆች ወለዱ።

ጄቮንስ አንድ ቦታ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። የሎጂክ ጥያቄ የሚመልስ መሣሪያ ሠርቶ በ1870 ለሮያል ሶሳይቲ አሳየ። እንደ ፒያኖ ቁልፍ ስላለው «የሎጂክ ፒያኖ» ይባላል፤ ዛሬ ኦክስፎርድ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ኮምፒውተር ከመፈጠሩ በፊት ማሽን እንዲያስብ ከሞከሩት አንዱ ነው ብንል አላጋነንም።

በ1871 ደግሞ በኢኮኖሚክስ ትምህርት ስሙን ያስቀረለትን መጽሐፍ አወጣ። ሐሳቡን በእኛ ቋንቋ እንዲህ እንበለው። በጣም ለጠማው ሰው የመጀመሪያው ብርጭቆ ውኃ ነፍስ ነው። ሁለተኛው ደስ ይላል። አምስተኛው ሸክም ነው። የአንድ ነገር ዋጋ የሚወሰነው በጠቅላላ ጥቅሙ ሳይሆን በመጨረሻ በጨመርናት ነገር ጥቅም ነው። ይህን ሐሳብ በተመሳሳይ ዘመን ኦስትሪያዊው ካርል ሜንገርና ፈረንሳዊው ሊዮን ቫልራስም ለየብቻቸው ደርሰውበታል፤ ዛሬ ኢኮኖሚክስ የሚማር ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያ ዓመቱ ያገኘዋል።

ሁሉም ነገር ግን አልተሳካለትም። የንግድ ቀውስ በየ10 ዓመቱ ገደማ ለምን ይመላለሳል ብሎ ሲጨነቅ ፀሐይ ላይ ከሚታዩት ጥቁር ነጠብጣቦች ጋር አገናኘው። ነጠብጣቦቹ ሲለዋወጡ አዝመራ ይለዋወጣል፣ አዝመራ ንግድን ይነካል አለ። ብዙ ደከመበት፤ ቁጥሮቹ ግን አልገጥም አሉት፤ በኋላ የመጡት ምሁራንም አልተቀበሉትም።

ያላለቀው ወረቀት

አሁን የምንነግራችሁ ነገር ፈገግ ያሰኛል። ጄቮንስ ከሰል ብቻ አልነበረም የሚያልቅበት፤ ወረቀትም ያልቃል ብሎ ይፈራ ነበር። ስለዚህ መጻፊያ ወረቀትና ቡናማ መጠቅለያ ወረቀት ገዝቶ ቤቱ ውስጥ ከመረ። በ1936 ታዋቂው ኢኮኖሚስት ጆን ሜይናርድ ኬንስ ስለ ጄቮንስ ባቀረበው ንግግር እንደተረከው፣ ሰውየው ከሞተ ከ50 ዓመት በኋላም ልጆቹ ያንን መጠቅለያ ወረቀት ተጠቅመው አልጨረሱትም ነበር።

ወረቀቱ ተረፈ፤ ያለቀው የእሱ ዕድሜ ነው። በሥራ ብዛት ጤናው ስለታወከ በ1880 ማስተማሩን ተወ፤ ጊዜውን ለመጻፍ ፈለገው። ነሐሴ 13 ቀን 1882 ከቤተሰቡ ጋር ሄስቲንግስ አካባቢ ባሕር ዳርቻ ለእረፍት ሄዶ ሳለ ለመዋኘት ለብቻው ወደ ውኃው ገባ። አልተመለሰም። ገና 46 ዓመቱ ነበር። የጀመረው ትልቅ የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ሳያልቅ ቀረ። ደብዳቤዎቹንና የዕለት ማስታወሻውን ሰብስባ ያሳተመችው ባለቤቱ ሃሪየት ናት፤ ስለ ልጅነቱና ስለ ሲድኒ ዘመኑ ብዙ ነገር የምናውቀው በእሷ ድካም ነው።

ታዲያ ተሳስቷል?

አዎ፣ በትንቢቱ ተሳስቷል። የብሪታንያ ከሰል ምርት ጣሪያ የነካው በ1913 ሲሆን መጠኑ 287 ሚሊዮን ቶን ነበር። በ1961፣ ጄቮንስ 2,607 ሚሊዮን ባለው ዓመት፣ የተመረተው ወደ 200 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነው። መስከረም 30 ቀን 2024 ደግሞ ብሪታንያ የመጨረሻውን በከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫዋን ዘጋች። ከመሬት ሥር ግን ከሰል አላለቀም።

ምን ሳተ? ነዳጅ ዘይት ይህን ያህል ቦታ ይይዛል ብሎ አልገመተም። ነፋስና ፀሐይ ከሰልን ይተካሉ ብሎም አላመነም። ሌላም ያላየው ነገር አለ። የእሱ ስጋት ከሰሉ ማለቁ ነበር፤ ለእኛ ዘመን የተረፈው ችግር ግን የተቃጠለው ከሰል ጭስ ነው። ማጀቱ ሳይጎድል ቤቱ በጭስ ታፈነ እንደማለት ነው።

ስለ ቁጠባ ያየው ነገር ግን አልሞተም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ተመራማሪዎች ነገሩን እንደገና አንስተው «ሪባውንድ» የሚል ስም ሰጥተውታል፤ ነጥሮ መመለስ ማለት ነው። አሁንም ይከራከራሉ። ብዙዎቹ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በተለይ በሀብታም አገር ቤቶች ውስጥ የሚመለሰው ከተቆጠበው የተወሰነው ክፍል ነው። ማታ ማታ መብራት ያልቸገረው ሰው አምፖሉ ቆጣቢ ስለሆነ ብቻ ሌሊቱን ሙሉ አያበራውም። ልክ እንደ አምስተኛው ብርጭቆ ውኃ፣ ጥማቱ ወጥቶለታል። ጥማቱ ገና ባልወጣበት ቦታ ግን፣ እንደ ጄቮንስ ዘመን ብረትና እንደ ዛሬው ዳታ፣ ጠቅላላው ፍጆታ ከድሮው ሊበልጥ ይችላል።

እዚህ ላይ እኛም የምንለው አለ። ፍጆታ ጨመረ ማለት ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። በኩራዝ ስታጠና የነበረች ልጅ ቆጣቢ አምፖል አግኝታ ሁለት ሰዓት ጨምራ ብታጠና ይህ ብክነት ሊባል አይገባም። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ያገኘች እናት በተረፈው እንጨት አንድ ተጨማሪ ወጥ ብትሠራ ልጆቿ በሉ ማለት ነው፤ ዓይኗም ከጭስ አረፈ። ችግሩ የሚመጣው ደኑ ተረፈ ብለን ሪፖርት ስንጽፍ ነው። ምድጃው እናትየዋን ረድቷል። ደኑን ለማዳን ግን ሌላም ነገር ያስፈልጋል፦ የሚቆረጠው ከሚበቅለው እንዳይበልጥ መጠበቅ፣ የተቆረጠውን መተካት።

የሥነ ምህዳር ኢኮኖሚስቶች የሚሉት ይህንኑ ነው። አንድን ሥራ በስንት ነዳጅ እንሠራዋለን የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። በጠቅላላው ስንት ነዳጅ እናቃጥል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያውን መሐንዲስ ይመልሰዋል። ሁለተኛውን መሐንዲስ ሊመልሰው አይችልም፤ ውሳኔ ይፈልጋል። አንዳንዱ በበካይ ነገር ላይ ግብር ይጣል ይላል፤ ቆጣቢው ሞተር ያረከሰውን ግብሩ መልሶ ያስወድደዋልና። አንዳንዱ ከዚህ በላይ አይቃጠልም የሚል ጣሪያ ይቀመጥ ይላል። የቱም ቢሆን፣ ያለ ወሰን የመጣ ቁጠባ ለተጨማሪ ፍጆታ ቦታ ማስለቀቅ ሊሆን ይችላል። እንግሊዝ ራሷ ከከሰል የወጣችው ሞተሮቿ ቆጣቢ ስለሆኑ ብቻ አልነበረም። ሌላ የኃይል ምንጭ አገኘች፤ ከሰልን የሚገድብ ሕግና ዋጋም አስቀመጠች።

ወደ እኛ የሚመጣው ክር

መጀመሪያ ላይ ከአገራችን ጋር የሚያገናኝ ክር አለ ብለናችሁ ነበር። እነሆ።

ጄቮንስ ሲሰጥም ኸርበርት ስታንሊ የተባለው ወንድ ልጁ ገና ትንሽ ነበር። አድጎ እንደ አባቱ ኢኮኖሚስት ሆነ፤ በ1915 ደግሞ እንደ አባቱ ስለ ብሪታንያ ከሰል ንግድ መጽሐፍ ጻፈ። በሕንድና በበርማ ዩኒቨርሲቲዎች ፕሮፌሰር ሆኖ አስተማረ።

በኋላ ፋሽስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ወረረ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተሰደው እንግሊዝ ገቡ። የአውሮፓ መንግሥታት ፊታቸውን ባዞሩበት በዚያ ጊዜ በ1936 ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ የሚሟገት «አቢሲኒያ አሶሲዬሽን» የተባለ ማኅበር ተቋቋመ። ከማኅበሩ ግንባር ቀደም ሰዎች አንዱ ይህ ፕሮፌሰር ስታንሊ ጄቮንስ ነበር። ልብ በሉ፣ ኬንስ የአባቱን ያላለቀ መጠቅለያ ወረቀት ታሪክ ያወራው በዚሁ ዓመት ነው። ልጁ ያን ወረቀት ለኢትዮጵያ ጉዳይ ተጠቅሞበት ይሆን? ይህን አናውቅም፤ ግን ብናስበው ደስ ይለናል።

አባትየው አገሩ ሞልቶላት በነበረ ሰዓት ስለ ነገ የጠየቀ ሰው ነው። መልሱ ቢሳሳትም ጥያቄው ዛሬም ይሠራል። ቀጣዩን ቆጣቢ ስልክ፣ ቆጣቢ መኪና፣ ቆጣቢ ምድጃ ስታዩ ስንት ይቆጥባል ብላችሁ ብቻ አትለፉት። የተረፈውስ ምን ላይ ዋለ ብላችሁም ጠይቁ።

እናንተስ ምን ታዘባችሁ? ረከሰ ብላችሁ ይበልጥ የተጠቀማችሁበት፣ በመጨረሻ ወጪያችሁን ያበዛባችሁ ነገር አለ? አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን። ጽሑፉን ከወደዳችሁት ለወዳጆቻችሁ አጋሩ፤ ይህን ያህል ዳታ አይበላም።